ስቶኩ አተረፍክ ይለኛል፣ መሳቢያው ባዶ ነው። የቱን ዋጋ ልያዝ? ዱቤውንስ ምን ላድርገው?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 3፣ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ፣ ሸዋ በር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ ሲገኝ ደግሞ ፌሮ። ሰኔ 30 ሱቁን ዘግተን እኔ፣ ባለቤቴና የሱቁ ልጅ ስንቆጥር አመሸን። ሚስማሩን በኪሎ፣ ቀለሙን በጣሳ፣ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ። በማግስቱ ሒሳብ የሚሠራልኝ ልጅ መጣና “ጋሼ፣ ዘንድሮ ጥሩ አትርፈዋል” አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። መሳቢያው ውስጥ ያለውና ባንክ ያለው ተደምሮ የሚቀጥለውን ጭነት አያስጭንም። ታዲያ ትርፉ የት ሄደ?

በቆርቆሮ ብቻ ላስረዳችሁ። በ2017 በጀት ዓመት ሦስት ጊዜ አስጭኛለሁ። የመጀመሪያው ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ምንዛሪው ገና ሳይለቀቅ። 200 ቆርቆሮ በ620 ብር ገባ። ጥቅምት ላይ 150 በ780 አመጣሁ። ሚያዝያ ላይ 100 በ940። ከ450ው 310 ተሸጦ 140 ቀርቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አንድ ላይ ተደርድሯል። የትኛው በ620 እንደገባ፣ የትኛው በ940 እንደገባ እኔም አላውቀውም። የቀረውን በስንት ልጻፈው?

ሁለተኛው ጣጣ ዱቤ ነው። ደብተሬ ላይ 386,000 ብር ሰው ጋ አለ። ከጦርነቱ በፊት የወሰደም አለበት። ልጁ ይህን ሁሉ “ተሰብሳቢ” ብሎ ንብረት ውስጥ ደምሮታል። ያልገባልኝ ብር ነው ንብረቴ? ግብርም ልከፍልበት ነው?

የምታውቁ ምከሩኝ።

ጦሳ_ሥር • ሐምሌ 3፣ ማታ 3:25

ባለሱቁ ራሱ ዋጋውን ካላወቀ እኛ ገዢዎቹ ምን እንሁን። በ620 የገባው ካለ ለእኔ ቁረጥልኝ፣ ቤት ልሠራ ነው።

የኮምቦልቻው_ጅምላ • ሐምሌ 3፣ ማታ 4:02

አብሽር ልጄ። እኔ ኮምቦልቻ ጅምላ ስሸጥ ብዙ ዓመቴ ነው። የመጨረሻውን ዋጋ ያዝ፣ 940። ነጋዴ ዋጋው ነገ መልሶ የሚገዛበት ነው እንጂ አምና የገዛበት አይደለም። በድሮ ዋጋ አስበህ ከሸጥክ መደርደሪያህ እየሳሳ ይሄዳል። እኔ ብር የረከሰ ጊዜ ይህን በራሴ አይቻለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ግማሽ ስቶኬ አለቀ፣ እጄ ላይ ያለው ብር ግን ያንኑ ግማሽ አይመልስልኝም ነበር።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 4፣ ጠዋት 2:40

ጋሼ የኮምቦልቻው፣ የተናገሩት ለመሸጫ ዋጋ ትክክል ነው። ለመዝገብ ግን አይሆንም። ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ባለሱቁንም ያስደነገጠው ይኸው መቀላቀል ይመስለኛል።

መዝገብ የሚጠይቀው “ስንት አወጣህበት?” ብሎ ነው። ነገ ስንት ታወጣበታለህ አይልም። የተሸጠውን ከመጨረሻው ዋጋ ጀምሮ ወደ ኋላ እየቆጠሩ መያዝ፣ ማለትም “መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል” የሚባለው ዘዴ፣ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ስታንዳርድ ተከልክሏል። በ2003 እንደ አውሮፓውያን በተደረገው ማሻሻያ ነው የወጣው። አሜሪካ ውስጥ አሁንም ይሠራበታል፣ አንዳንድ የድሮ መጽሐፍ ላይ የምታገኙት ለዚያ ነው። እኛ በአዋጅ 847/2006 ዓለም አቀፉን ስለተቀበልን የቀሩን ሁለት ናቸው። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል፣ ወይም አማካይ ዋጋ። ለግብርም እነዚሁ ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን ባለሱቁን አንድ ነገር ልጠይቅ። 620፣ 780፣ 940 ያልከው ከአዲስ አበባ አከፋፋዩ ሪሲት ላይ ያለው ነው አይደል? የመኪናውስ? ጫኝና አውራጁስ?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 4፣ ቀን 6:15

አዎ፣ የሪሲቱ ነው፣ ያለ ቫት። መኪናና ጫኝ አውራጅ ለብቻው “የትራንስፖርት ወጪ” ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው 8,000፣ ሁለተኛው 7,500፣ ሦስተኛው 6,000 ነው። ነዳጅ ሲጨምር ሹፌሮቹም ጨመሩ።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 4፣ ማታ 1:50

እንዳሰብኩት ነው። ቆርቆሮው አዲስ አበባ ቆሞ አልተሸጠም፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ገብቶ ነው የተሸጠው። እቃውን መሸጫ ቦታው ድረስ ያመጣው ወጪ ሁሉ የእቃው ዋጋ ነው። መኪና፣ ጫኝ አውራጅ፣ ከውጭ ለሚያስመጣ ቀረጥ። ቫት ተመዝጋቢ ሆነህ መልሰህ የምታቀናንሰው ቫት አይገባም፣ የማትመልሰው ግን ይገባል። ቅናሽ ካደረጉልህ ይቀነሳል። የሱቅ ኪራይ፣ የልጁ ደመወዝ፣ የጥበቃው ደግሞ አይገቡም። እነሱ የዓመቱ ወጪ ናቸው።

ስለዚህ ዋጋህ እንዲህ ይሆናል። 8,000 ለ200 ሲካፈል 40 ነው፣ 660 ሆነ። 7,500 ለ150 ሲካፈል 50፣ 830። 6,000 ለ100 ሲካፈል 60፣ ልክ 1,000። የዓመቱ ግዢህ 132,000 ሲደመር 124,500 ሲደመር 100,000 ነው። 356,500 ብር።

በመጀመሪያው ዘዴ የቀረው 140 ቆርቆሮ መጨረሻ የገባው ነው ተብሎ ይታሰባል። 100ው በ1,000፣ 40ው በ830። 133,200 ብር ይሆናል። የተሸጠው 310 ደግሞ 223,300 ወጣበት ማለት ነው።

በአማካይ ዘዴ 356,500ን ለ450 ታካፍላለህ። 792 ብር ከ22 ሳንቲም ይመጣል። የቀረው 140 ወደ 110,911 ብር፣ የተሸጠው 245,589 ብር።

ልዩነቱ 22,289 ብር ነው። በመጀመሪያው ዘዴ ትርፍህ በዚያ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከፍተኛው የንግድ ገቢ ግብር 35 በመቶ ላይ ከደረስክ ልዩነቱ 7,800 ብር ግብር ነው። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ አማካዩ ትንፋሽ ይሰጣል። አንዴ ከመረጥክ ግን በየዓመቱ እንደ ንፋሱ መቀያየር የለም።

ወደ ድንጋጤህ ልመለስ። 310ሩን በአማካይ ስንት ሸጥከው?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 4፣ ማታ 2:30

መጀመሪያ በ800 አካባቢ ነበር፣ መጨረሻ 1,150 ገባ። በአጠቃላይ ሲካፈል 960 ይመጣል።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 4፣ ማታ 2:48

310 በ960፣ 297,600 ብር ሽያጭ። ከሱ ላይ 223,300 ሲቀነስ 74,300 ብር ትርፍ። ልጁ ያየው እንዲህ ያለውን ትርፍ ነው፣ ትራንስፖርቱን ለብቻው ከመጻፉ በቀር በቆርቆሮው አልተሳሳተም።

አሁን ያንን 310 ቆርቆሮ በሚያዝያው ዋጋ መልሰህ ልትገዛ ብትል 310,000 ብር ያስፈልግሃል። የሸጥክበት 297,600 ነው። 74,300 “አትርፈህ” 12,400 ጎደለህ። ጋሼ የኮምቦልቻው ያሉት ይኸ ነው። ይኸ ግን የሚስተካከለው መሸጫ ዋጋህ ላይ እንጂ መዝገብህ ላይ አይደለም።

የቀረው ትርፍህ የት እንዳለ ደግሞ ራስህ ጽፈኸዋል። ዱቤ ደብተሩ ውስጥ።

የኮምቦልቻው_ጅምላ • ሐምሌ 4፣ ማታ 3:05

ወላሂ እንዲህ ተቀምጦ ያስረዳኝ አልነበረም። ግን እኔም ከባዶ ተነስቼ አልተናገርኩም። በየረመዳኑ ለዘካ ስቶኬን ስቆጥር የማስበው በዕለቱ ገበያ ዋጋ ነው። አምና በገዛሁበት አይደለም፣ ዛሬ ብሸጠው በሚያወጣው ነው፣ ከዚያ ላይ 2.5 በመቶ። ለዚያ ነው አፌ የመጣልኝ። ዱቤም እንደዚያው ነው። ሰውየው ደህና ከሆነ እደምረዋለሁ። የሞተ ዱቤ ላይ ግን ብሩ እስኪገባ አላወጣም። በዚህ ላይ ዑለሞቹ ልዩነት አላቸው፣ የምትከተለውን ሰው ጠይቅ።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 4፣ ማታ 3:15

ግሩም ነው ጋሼ። አንድ ቆርቆሮ ሦስት ዋጋ አለው ማለት ነው። ለመዝገብ የወጣበት፣ ለመሸጫ የሚተካበት፣ ለዘካ ዛሬ የሚያወጣው። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ቦታቸው ካልተለዋወጠ።

የፋብሪካ_ኮስት • ሐምሌ 5፣ ጠዋት 4:20

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ኮስት (የምርት ወጪ ስሌት) ክፍል ነው የምሠራው። ትንሽ ልጨምር። አማካዩን ዓመቱ ሲያልቅ አንዴ ማስላት ይቻላል፣ ከላይ የተሠራው እንደሱ ነው። የእቃ ካርድ በደንብ የምትይዝ ከሆነ ግን እቃ በገባ ቁጥር አማካዩን አዲስ ታወጣለህ። ውጤቱ ትንሽ ይለያያል። ሁለቱም ይፈቀዳሉ። አንዱን መያዝ ነው።

እኛ ቤት ያለው ጣጣ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽን ይቆማል፣ ኪራዩና ቋሚ ደመወዙ ግን አይቆምም። አዲስ የመጡ ልጆች የወሩን ቋሚ ወጪ በተመረተው ቁጥር ብቻ ያካፍሉታል። እንበልና ቋሚ ወጪው 600,000፣ በደህናው ጊዜ የሚመረተው 20,000 ፍሬ ነው። በፍሬ 30 ብር ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ 12,000 ብቻ ቢመረት በፍሬ 50 ብር ብለህ ስቶክ ላይ አትጭነውም። 30 ብር እንደሆነ ይቆያል። 360,000ው ወደ ስቶክ ይገባል። 240,000ው የዚያ ወር ኪሳራ ነው። መብራት የጠፋበትን ወጪ መጋዘን ውስጥ መደበቅ አይቻልም። ሥራ አስኪያጆች ይህን መስማት አይወዱም።

እትዬ_ቀሚስ • ሐምሌ 5፣ ቀን 8:10

እኔ ፒያሳ ልብስ ነው የምሸጠው። ያልገባኝን ልጠይቅ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያመጣሁት ጃኬት አለ። በ1,800 ነው የገባው። ፋሽኑ አለፈ፣ አሁን በ1,500 እንኳ አገላብጠው አይተው ይሄዳሉ። እኔ ግን “እስካልሸጥኩት አልከሰርኩም” ብዬ በ1,800 ይዤዋለሁ። ልክ ነኝ?

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 5፣ ማታ 12:40

እትዬ፣ ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደሉም። ስቶክ የሚያዘው በወጣበት ወይም ተሸጦ በሚያስገኘው የተጣራ ዋጋ ነው፣ ከሁለቱ ባነሰው። የተጣራ ማለት መሸጫ ዋጋው ሲሆን፣ ለመሸጥ የሚያስወጣዎት ይቀነስለታል። ጃኬቱ 1,500 አውጥቶ፣ ለማሸጥ ለደላላ 50 ብር ከከፈሉ 1,450 ብለው ይያዙት። 350ው የዘንድሮ ኪሳራ ነው። ድንገት ብርድ በርትቶ ጃኬት ቢፈለግ መልሰው ከፍ ማድረግ ይችላሉ፣ ከ1,800 ሳያልፉ።

ባለሱቅ፣ አንተም ቀለምና ሲሚንቶህን እንደዚህ አየኸው?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 5፣ ማታ 1:30

አንተ ሰው ተንኮለኛ ነህ። 18 ከረጢት ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኗል። የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ጉሙ በር ዘግተህም ይገባል። ከግድግዳው አስጠግቶ ከመሬት ላይ ነበር የደረደረው ልጁ። ቀለም ደግሞ 30 ጣሳ አለ፣ ጣሳው ዝጎ ሰው ይሸሸዋል። በ900 የገባ ነው። 600 ቢሰጡኝ እሰጣለሁ።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 5፣ ማታ 1:55

ሲሚንቶው ዜሮ ነው። ለማንም እንዳትሸጠው፣ የሰው ቤት ይፈርስበታል። ከመጣልህ በፊት ግን ለግብር መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ አሳውቅ። ቆጥረው ያዩት ሰዎች ፈርመውበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ። “ተበላሽቶ ጣልኩት” ብቻ ብትል ሸጠኸው ሊሆን ይችላል ይሉሃል።

ቀለሙን 600 ሸጠህ፣ ጣሳውን ለማጽዳትና ለማድረስ 20 ብር ካወጣህ የተጣራው 580 ነው። 320 በ30፣ 9,600 ብር ታወርዳለህ። የልጁ “ጥሩ ትርፍ” እዚህ ላይ መሟሸሽ ጀመረ።

አሁን ዱቤውን። ደብተሩን አውጣና በዕድሜ ለይልኝ። ከወር በታች፣ ከ1 እስከ 3 ወር፣ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ከዚያ በላይ።

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 7፣ ማታ 4:20

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከወር በታች 150,000። ከ1 እስከ 3 ወር 96,000። ከ3 እስከ 6 ወር 60,000። ከ6 ወር በላይ 80,000። ከመጨረሻው ውስጥ 34,000ው የአንድ ቤት ሠሪ ነው። በ2013 መጨረሻ ቆርቆሮና ሚስማር ወሰደ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉም ተበተነ፣ እሱም ሄደ። ስልኩ አይሠራም።

የኮምቦልቻው_ጅምላ • ሐምሌ 7፣ ማታ 4:45

ያንን ጊዜ አታንሳብኝ። እኔም ሸሽቼ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የተመለስኩት። መጋዘኑ ተጠርጎ ወጥቷል፣ መደርደሪያው ሳይቀር። ዱቤ ደብተሩ ግን መሬት ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ማን ደብተር ይዘርፋል? እሱን ይዤ ነው ንግድ መልሼ የጀመርኩት። ከአምስቱ ሰው ሦስቱ ሳልጠይቃቸው መጥተው ከፈሉኝ። አንዱ በግ ሸጦ ነው ያመጣልኝ። አንዱ ደግሞ እስካሁን መንገድ ይቀይርብኛል። የሚገርመው፣ የቀየረብኝ ሀብታሙ ነው።

ልጆቼ፣ ዕዳን ጻፉት። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ (አንቀጽ) ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። አያቶቻችን “በመተማመን” ይሉ ነበር፣ መተማመኑም ሲጻፍ ነው የሚቆየው።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 8፣ ጠዋት 3:00

ባለሱቅ፣ ልጁ ዱቤውን ንብረት ማለቱ ልክ ነው። ሙሉውን 386,000 ማለቱ ነው ስህተቱ። ንብረት የሚባለው ይገባል ብለህ የምትጠብቀው ብቻ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ደብተሩን ተመልከት። ከ6 ወር ካለፈው ዱቤ ከ10 ብር ስንቱ ገባ?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 8፣ ቀን 7:05

ወደ 4 ብር። ከ3 እስከ 6 ወር ያለው ከ10 ብር 8ቱ ይገባል። ከዚያ በታች ያለው ደህና ነው። ከ1 እስከ 3 ወር ያለው ከመቶ 5 ብር፣ ከወር በታች ያለው ከመቶ 2 ብር ቢቀር ነው።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 8፣ ማታ 1:20

ከማንም አትቅዳ፣ ይኸው የራስህ ቁጥር ነው። የቤት ሠሪውን 34,000 ለብቻው እናውጣው፣ የሱ ነገር ግምት አይደለም። ከቀረው 46,000 ላይ 60 በመቶ፣ 27,600። ከ60,000ው 20 በመቶ፣ 12,000። ከ96,000ው 4,800። ከ150,000ው 3,000። ተደምሮ 47,400 ብር መጠባበቂያ፣ ማለትም “ይህ ላይገባ ይችላል” ብለህ ከዱቤው ላይ የምትቀንሰው ግምት፣ ትይዛለህ።

አመዘጋገቡ፦ ዴቢት የማይሰበሰብ ዕዳ ወጪ፣ ክሬዲት መጠባበቂያ። ወጪው ይጨምራል፣ መጠባበቂያውም በዚያው ልክ ይጨምራል ማለት ነው። ከደብተሩ ላይ የማንንም ስም አትሰርዝም። ቤት ሠሪውን ግን ከተሰብሳቢው ላይ ታወርደዋለህ። 386,000 ከነበረው የምትተማመንበት 304,600 ነው።

የፋብሪካ_ኮስት • ሐምሌ 8፣ ማታ 2:10

አንድ ነገር ልቃወም። ገና ወር ባልሞላው ዱቤ ላይ በግምት መጠባበቂያ መያዝ የትልልቅ ድርጅቶች ስታንዳርድ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣው ስታንዳርድ ላይ ተበዳሪው ለመክፈል መቸገሩን የሚያሳይ ማስረጃ ሲገኝ ነው የሚያዘው። ጊዜው ማለፉ፣ ሰውየው መክሰሩ፣ መጥፋቱ። ለሱቅ ደግሞ የሚቀርበው ትንሹ ስታንዳርድ ነው።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 8፣ ማታ 2:25

ልክ ነህ። በትንሹ ስታንዳርድ የሚሠራ ከሆነ የ3,000ው ጉዳይ ይወድቃል፣ 4,800ውም ያከራክራል። ለራሱ ዓይን ግን እኔ ብሆን ሁሉንም እይዘው ነበር።

አሁን የግብሩ ጉዳይ፣ መራራው። መጠባበቂያ ለግብር አይቀነስም። ባንክ ካልሆንክ 47,400ው ትርፍህ ላይ ተመልሶ ይደመራል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የሚቀነሰው በእውነት የተሰረዘ ዕዳ ነው፣ ሦስት ነገር ሲሟላ። ዕዳው ቀድሞ ገቢ ተብሎ ተይዞ ከነበረ፣ ከመዝገብህ ላይ ከተሰረዘ፣ ለማስከፈል የሚቻለውን ሁሉ አድርገህ እንደማይገባ ከታወቀ። የቤት ሠሪው 34,000 ሁለተኛውን ያሟላል። ለሦስተኛው ማስጠንቀቂያ የላክህበት ደብዳቤ፣ የሽማግሌ ፊርማ፣ ፍርድ ቤት ሄደህ ከሆነ ያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውስ? በ2013 ሽያጩን አስታውቀህ ነበር?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 8፣ ማታ 2:50

ያኔ ደረጃ ሐ ነበርኩ። በቁርጥ ነው የምከፍለው። መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 8፣ ማታ 3:00

እንግዲያው 34,000ው ገቢ ተብሎ መያዙን የምታሳይበት ነገር የለም። ለግብር ይቀነስልኛል ብለህ አትጠብቅ። ከራስህ መዝገብ ላይ ግን ይውጣ፣ አይንህን አያታልል።

ጦሳ_ሥር • ሐምሌ 8፣ ማታ 3:12

ለጥያቄ ያህል ነው። ጦርነቱ ዕዳውን አልሰረዘውም? ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ደግሞ ከ500 ብር በላይ ካልተፈራረምክ አይከሰስም ይላሉ።

ጠበቃ_ነኝ_አልልም • ሐምሌ 9፣ ጠዋት 2:15

ጦርነት ዕዳ አይሰርዝም። ለውል ዕዳ ሌላ ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት፣ 10 ዓመት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845። የሚቆጠረው መክፈያው ከደረሰበት ቀን ነው። በ2013 የተወሰደ ዕዳ ገና ብዙ ጊዜ አለው። በመሃል ተበዳሪው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ የተወሰነ ከከፈለ፣ አሥሩ ዓመት እንደ አዲስ ይጀምራል። ቁጥር 1851 ነው።

የ500 ብሩ ጉዳይ የገንዘብ ብድር ነው፣ ቁጥር 2472። ቆርቆሮ ሸጠህ የቀረህ ሒሳብ ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው። በምስክርም በደብተርም ልትሞክር ትችላለህ። ቢሆንም ፊርማ ያለው ወረቀት ከአሥር ምስክር ይሻላል፣ ምስክሮቹ ሁሉ የሁለታችሁም ጎረቤት ሲሆኑ በተለይ። ቼክ ከተቀበልክ ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስጠይቃል። ከዱቤ ደብተር የበለጠ የሚፈራው ለዚያ ነው።

እትዬ_ቀሚስ • ሐምሌ 9፣ ቀን 6:40

የኔስ ጎረቤቶች አይፈርሙልኝም። ለልጃቸው ሠርግ የወሰዱትን ፈርሙ ብላቸው ሠርጉም ይቀርብኛል። ግን ካነበብኩት በኋላ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ማታ ላይ በስልክ “እትዬ፣ የዛሬው ቀሪ 2,400 ነው፣ መልካም እንቅልፍ” ብዬ እልካለሁ። “እሺ” ብለው ይመልሳሉ።

ጠበቃ_ነኝ_አልልም • ሐምሌ 9፣ ቀን 6:55

እንዳያጠፏት ያቺን “እሺ”።

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 19፣ ማታ 2:00

ቆይቼ መጣሁ። በአማካይ ዘዴ ወስነናል፣ ትራንስፖርቱም እቃው ላይ ገባ። ሲሚንቶው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ወጣ። ቀለሙ 22 ጣሳ በ600 ሄደ። ልጁ “ጋሼ፣ ትርፉ ቀነሰ” ብሎ ሲያዝን እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግቼ ተኛሁ።

ባለ ዱቤዎቹ ጋ በተራ ደወልኩ። አሁን የምነግራችሁን አታምኑም። የቤት ሠሪውን ወንድም ሐይቅ ከተማ አገኘሁት፣ አዲሱን ቁጥር ሰጠኝ። ሰመራ ነው የሚሠራው። ስደውል ዝም አለ፣ ከዚያ “ሞተሃል ብለውኝ ነበር” አለኝ። ትናንት 3,000 ብር በቴሌብር ላከ። “የደሴው ቆርቆሮ” ብሎ ጽፎበታል።

ጠበቃ_ነኝ_አልልም • ሐምሌ 19፣ ማታ 2:09

መልእክቱን ፎቶ አንሳና አስቀምጥ። አሥር ዓመትህ ከትናንት ጀመረ።

ሒሳብ_በቀላሉ • ሐምሌ 19፣ ማታ 2:14

ስረዛውንም መልስ እንግዲህ። የቀረው 31,000 ተሰብሳቢው ውስጥ ይግባ፣ መጠባበቂያውም በዚያው ልክ ይስተካከል። በየወሩ ከላከ ዝቅ ታደርገዋለህ።

የኮምቦልቻው_ጅምላ • ሐምሌ 19፣ ማታ 2:30

አልሐምዱሊላህ። ሰው መሆኑን አልረሳም። አትጫነው ልጄ፣ በአቅሙ ይላክ። ወለድ ምናምንም አትጠይቀው።

ጦሳ_ሥር • ሐምሌ 19፣ ማታ 2:41

ሁላችሁም ጨረሳችሁ? የኔ ቤት ክረምቱ ሳይወጣ ይከደን። ቆርቆሮው አሁን ስንት ገባ?

ሸዋበር_ሱቅ • ሐምሌ 19፣ ማታ 2:44

1,180። ለአንተ በጥሬ ብቻ ነው።